አዲሱን ድርሰት ማን ይደግመዋል?

ወረቀቷ አንዲት ናት፤ መሃሏ ላይ ታጥፋለች። በር ላይ የቆመችው ልጅ ለገባው ሁሉ ታድላለች። አዲስ አበባ ውስጥ በጎተ ኢንስቲትዩት ወይም በአሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ የቻምበር ሙዚቃ ምሽት የታደመ ሰው ያውቃታል። ገልጦ ሲያያት ሦስት ስም ያገኛል። ላይኛው ሃይድን ወይም ሞዛርት ነው፤ ታችኛው ቤትሆቨን፣ ሹበርት ወይም ድቮርዣክ። የመሃለኛው ስም ግን አጠገቡ የሞት ዓመት የለውም። ሰውየው በሕይወት አለ። ምናልባትም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሻሸ ነው።

ቻምበር ሙዚቃ የጥቂት ሰዎች ሙዚቃ ነው። መሪ የለውም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ድምፅ ብቻውን ይሸከማል፣ የሚደበቅበት ጓድ የለውም። በጣም የታወቀው ቅርጹ ስትሪንግ ኳርቴት ነው፦ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ የተጫዋቹ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። እንዲህ ባለ ምሽት ላይ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድርሰት ሲቀርብ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ያከራክራል።

«መጀመሪያ ካደረግነው አርፍዶ የሚመጣው ሰው በር ላይ ቆሞ ያሳልፈዋል» ይላሉ አንድ የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ። «መጨረሻ ካደረግነው ግማሹ ሰው በእረፍት ሰዓት ጃኬቱን አንሥቶ ይሄዳል። መሃል ላይ ሲሆን ግን ሹበርትን ፈልጎ የመጣ ሁሉ ሳይወድ ይጠብቃል።»

ሙዚቀኞች ይህን አቀማመጥ ሳንድዊች ይሉታል። እኔ አልወደውም። ታዳሚው በዘዴ እንደታሰረ ያውቀዋል፤ የታሰረ ሰው ደግሞ ሰዓቱን ያያል እንጂ አያደምጥም። ከአቀማመጡ የባሰው ጣጣ ግን ወረቀቷ ላይ አይጻፍም። ከላይና ከታች ያሉት ሥራዎች ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በሌላ ከተማም ይሰማሉ። የመሃለኛው ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ምሽቱ የመጨረሻውም ነው።

> «ለመጀመሪያው ምሽት ገንዘብ ይገኛል። ለሁለተኛው ግን ማንም ስልክ አያነሣም።»
> — አንድ የሙዚቃ ደራሲ

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት «በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ጽሑፍ ከስሙ ሥር እንዲታተምለት ይፈልጋል። «ለሁለተኛ ጊዜ» የሚል ማስታወቂያ አይቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ደቂቃ የሚቆጠርበት ጠረጴዛ

ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በሰዓት ነው። ያለ እረፍቱ ከሰባ እስከ ዘጠና ደቂቃ ሙዚቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጆሮ ይሰለቻል። የሃይድን አንድ ኳርቴት ሃያ ደቂቃ ግድም ይወስዳል፣ የሹበርት «ሞትና ልጃገረዲቱ» አርባ ያህል። ለአዲሱ ሥራ ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ፦ ከምሽቱ 12፡30 የተጀመረ ዝግጅት ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ካላለቀ፣ መኪና የሌለው ታዳሚ የመጨረሻውን ክፍል ስለ ታክሲ እያሰበ ነው የሚሰማው።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ወንበሩ ይመጣል። ከኳርቴት ወደ ፒያኖ ኩዊንቴት መሻገር ማለት መድረክ ላይ ፒያኖ መግፋት ነው፤ ሰው እያየ ፒያኖ ሲገፋ የተፈጠረው ስሜት ሁሉ አብሮ ይገፋል። ክራር ከቫዮሊን ጋር የሚጫወትበት አዲስ ድርሰት ከሆነም የመብራቱ ሙቀት ጅማቱን ስለሚያላላ ቅኝቱ ይወርዳል። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ከእረፍት በኋላ ወዲያው ያደርጉታል። ታዳሚው ውጪ ሻይ ሲጠጣ ክራሩ እዚያው መድረክ ላይ፣ እዚያው ሙቀት ውስጥ ይቃኛል። የቫዮሊን አንድ ጅማት ዝቅ ተደርጎ እንዲቃኝ የሚጠይቅ ድርሰትም እንደዚያው ነው፤ የተላላው ጅማት ቶሎ አይረጋም፣ ወደነበረበት ሲመለስም ይንሸራተታል።

አንዲት ጥቁር ጎማ

የልምምዱ ክፍል ጠባብ ነው። አራት ወንበር፣ አራት የኖታ ማቆሚያ፣ መስኮቱ ሥር የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች። ወጣቱ ደራሲ ግድግዳውን ተደግፎ የአራቱንም ድምፅ የያዘውን ኖታ ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ በኋላ ጸጉራቸው የሸበተው ቪዮላ ተጫዋች ደጋናቸውን አወረዱ።

«እዚህ ጋ ማፈኛ አድርግ ይላል።»

«አዎ ጋሼ።»

«መቼ ላድርገው?»

ማፈኛዋ፣ ሙዚቀኞቹ ሶርዲኖ የሚሏት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ጎማ ናት። ጅማቶቹ መሃል፣ ከድልድዩ ኋላ ተሰክታ ትቀመጣለች። ወደፊት ገፍተው ድልድዩ ላይ ሲያሳርፏት ድምፁ ይታፈናል፣ ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ይሆናል። የሚገፋት ደጋን የያዘው ቀኝ እጅ ነው። ኖታው ለዚህ ሁሉ የሰጠው የአንድ ምት እረፍት ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ከግማሽ ሰከንድ አይበልጥም። ጋሼ ሞከሩ። የደጋኑ እንጨት ከቪዮላው ሆድ ጋር ተጋጨና ቀጭ አለ።

«ኮምፒውተሩ ላይ ደህና ነበር» አለ ልጁ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

ኮምፒውተር ማፈኛ አይገፋም፣ ገጽ አይገልጥም፣ ትንፋሽ አያጥረውም። መፍትሔው አምስት ደቂቃ ፈጀ፦ ከእረፍቱ በፊት ያሉት ሁለት መስመሮች ከቪዮላው ተነሥተው ለሁለተኛው ቫዮሊን ተሰጡ። ጋሼ በእርሳስ ኖታቸው ላይ ሰረዙ፣ ሁለተኛዋ ቫዮሊን ተጫዋች የሷ ላይ ጻፈች፣ ልምምዱ ቀጠለ።

ሃይድን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አያጋጥምም። ሃይድን ራሱ ቫዮሊን ይጫወት ነበር፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የስንት ሰው እጅ ሥራውን ፈትሾታል፣ ለሚጠራጠርም መቶ ቅጂ አለለት። አዲሱን ድርሰት ግን ማንም አልቀረጸውም፤ ከነዚህ አራት ሰዎች በፊት የተጫወተው የለም። ስለዚህ ደቂቃው ትንሽ ቢሆንም የልምምድ ሰዓቱን የሚውጠው እሱ ነው። ብዙ ፕሮግራም የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አዘጋጆች ከአዲሱ ሥራ ጎን ሌላ ከባድ፣ ተጫዋቾቹ ገና ያልለመዱት ሥራ ያስቀምጣሉ፤ ምሽቱ ትልቅ እንዲመስል። ጊዜ ሲያጥር የሚቀነሰው የአዲሱ ልምምድ ነው። ስህተቱ ቢሰማም ማን ያውቅበታል? ደራሲው ብቻ።

ዓይኑ ደጋን ላይ የነበረ ሰው

ይህ ችግር የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1825 ቪየና ውስጥ የቤትሆቨን አዲስ ኳርቴት፣ በቁጥሩ ሥራ 127 የሚባለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች ኢግናዝ ሹፓንዚግ ነበር። ሹፓንዚግ ተራ ሰው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1804 ጀምሮ ኳርቴትን ከመኳንንት ሳሎን አውጥቶ ትኬት ለገዛ ሰው ያሰማ የቤትሆቨን የረጅም ዘመን ወዳጅ ነው። ቤትሆቨን ከምሽቱ በፊት አራቱን ተጫዋቾች በቀልድ መልክ፣ የተቻለንን እናደርጋለን ብለው እንዲፈርሙ አድርጓቸዋል። ፊርማው ግን ልምምድ አይተካም። ጊዜው አጭር ነበር፣ ሥራው ከባድ፤ ታዳሚው ግራ ተጋብቶ ወጣ።

ቤትሆቨን ተቆጣ። ኖታውን ለሌላ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ለዮሴፍ ቦም ሰጠው። ቦም በኋላ እንደተረከው ልምምዱ በራሱ በቤትሆቨን ዓይን ሥር ተካሄደ። በዓይን ሥር የምለው እንዲያው አይደለም፤ ቤትሆቨን በዚያ ጊዜ ጆሮው አይሰማም። ተቀምጦ የአራቱን ደጋን እንቅስቃሴ ያይ ነበር፤ ትንሿ የፍጥነት መዛነፍ እንኳ ከደጋኑ ታስታውቀው ነበር፣ ወዲያው ያርማታል። ከዚያ ቦም ሥራውን አቀረበው፤ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ። ሰዉ ወደደው።

ድርሰቱ ያው ነው፣ ከተማውም ያው፣ በመሃሉ ያለፈውም ጥቂት ሳምንት። የተለወጠው ልምምዱና መደገሙ ነው። ቤትሆቨን በዓመቱ ሥራ 130ን ሲያሰማ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ታዳሚው ሁለቱን ቀላል ክፍሎች ይደገም አለ፤ መዝጊያው የነበረውን ግዙፍ ፉጋ (ድምፆቹ አንዱን ዜማ እየተቀባበሉ የሚሄዱበትን ክፍል) ግን ማንም አልጠየቀውም። አሳታሚው ሌላ መዝጊያ እንዲጻፍ ጠየቀ፣ ቤትሆቨንም እሺ አለ፣ ፉጋው ተነጥሎ ለብቻው ታተመ። ያን ጊዜ ከፕሮግራም ያስወጡት ያ ክፍል ዛሬ ኳርቴቶች የሚፈተኑበት ሥራ ነው።

ጭብጨባ የተከለከለበት ማኅበር

እዚያው ቪየና፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1913። የሙዚቃ ደራሲው አርኖልድ ሸንበርግ የሚመራው የአዳዲስ ሥራዎች ኮንሰርት በድብድብ ተበተነ። ፖሊስ ተጠራ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፕሮግራሙን ለሚያጠና ሰው አንዲት ነገር ትኩረት ትስባለች፦ ለመጨረሻ የተቀመጡት የማህለር መዝሙሮች ነበሩ፤ ምሽቱ እነሱ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ለስላሳውን ለመዝጊያ ማቆየት፣ መሃሉ እሳት ከሆነ፣ አያድንም።

ሸንበርግ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ወር፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1918 ሌላ መንገድ ሞከረ። ለአባላት ብቻ የሚሆን የሙዚቃ ማኅበር አቋቋመ። ደንቡን የጻፈው ተማሪው አልባን በርግ ነው። ማጨብጨብ ክልክል ነው፤ ማፏጨትም። ሃያሲ አይገባም። ዛሬ ማታ ምን እንደሚጫወት አስቀድሞ አይነገርም፤ ማንም ስም መርጦ እንዳይመጣ ወይም እንዳይቀር። ልምምዱ አይቸኮልም፤ ሥራው ካልበሰለ መድረክ አያይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራዎቹ ይደጋገማሉ። ሸንበርግ የራሱን ድርሰቶች በመጀመሪያው ጊዜ ጨርሶ አላስገባም፤ ደቡሲን፣ ሬገርን፣ ባርቶክን፣ ስትራቪንስኪን አስቀደመ።

ማኅበሩ ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1921 የገንዘብ ግሽበት አዘጋው። ወደ መጨረሻው ገቢ ለማግኘት ሸንበርግ፣ በርግና ሌላው ተማሪው ቬበርን የዮሃን ሽትራውስን ቫልሶች ለትንሽ ቡድን አዘጋጅተው ራሳቸው ተጫወቱ፣ የእጅ ጽሑፉንም በጨረታ ሸጡ። በዚያ አጭር ዕድሜ 154 ሥራዎች 353 ጊዜ ቀረቡ። በአማካይ እያንዳንዱ ከሁለት ጊዜ በላይ ተሰማ ማለት ነው። ዛሬ የትኛው ፌስቲቫል ነው አዲስ ሥራን ሁለት ጊዜ የሚያሰማው?

ጭብጨባውን መከልከላቸውን አልደግፍም። ሰው ደስ ሲለው እጁን ምን ያድርገው? ድግግሞሹን ግን ማንም ከነሱ ወስዶ ቢጠቀምበት ዕዳ የለበትም።

ጎረቤት ይመረጥ

አንድ ሥራ ከመሰማቱ በፊት የሚሰማው ሥራ ጆሮን ይቃኘዋል። በአምባሰል ቅኝት የተሠራ አዲስ ኳርቴት ከሃይድን ቀጥሎ ሲመጣ፣ ሃይድን ያለማመደው ጆሮ ሰባቱን ድምፅ ይጠብቃል፤ አምስቱን ሲሰማ ሁለቱ የጎደሉ ይመስለዋል። ጥፋቱ የአምባሰል አይደለም፣ የጎረቤት ነው። ሃይድን በዘመን ቀዳሚ ስለሆነ ብቻ ሁልጊዜ በር ከፋች መደረጉ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

እንበል አዲሱ ድርሰት የክራር ድርደራን ወደ ኳርቴት ያመጣ ነው። አራቱ ተጫዋቾች ደጋናቸውን ትተው ጅማቱን በጣት ይነካሉ። ይህን ሥራ ከራቬል ኳርቴት ጎን ባስቀምጠው እወዳለሁ። ራቬል እ.ኤ.አ. በ1903 የጨረሰው ኳርቴት ሁለተኛ ክፍሉ የሚጀምረው በጣት በሚነካ ጅማት ነው፤ ድምፁ ይፈነጥቃል፣ አንዱ በሦስት ሲቆጥር ሌላው በሁለት ይቆጥራል። ያንን የሰማ ታዳሚ ክራሩን የመሰለ ድርደራ ሲመጣ አይደነግጥም፤ እንዲያውም ራቬል ያቆመበት ቦታ ላይ የተጀመረ ሊመስለው ይችላል።

ከወዲያ በኩል ደግሞ ባርቶክ ይቁም። እ.ኤ.አ. በ1928 በጻፈው አራተኛ ኳርቴት ውስጥ አራተኛው ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋን አይነካውም። አንዳንድ ቦታ ጅማቱ በኃይል ተስቦ ይለቀቅና የጣት ሰሌዳውን ይመታል፤ ጧ ይላል። ባርቶክ የገበሬ ዘፈን ፍለጋ መቅረጫ ተሸክሞ በየመንደሩ የዞረ ሰው ነው፤ የአገር ቤት ዜማን ይዞ ለሚመጣ ደራሲ ከሃይድን ይልቅ የቅርብ ዘመድ ነው። በተለይ ድርሰቱ በአንቺሆዬ ከሆነ። አንቺሆዬ ውስጥ የሚጠጋጉት ግማሽ ድምፆች ሃይድን አጠገብ የተሳሳቱ ይመስላሉ፤ ባርቶክ አጠገብ ግን ቤታቸው ናቸው።

በዚህ የማይስማሙ አሉ። «አዲስ ሥራ ምርኩዝ አይፈልግም፤ ካልቆመ ይውደቅ» ይላሉ አንድ የሙዚቃ መምህር። ራቬልን በጎኑ ስታቆም ታዳሚው ማወዳደር ይጀምራል፣ ወጣቱም ይጎዳል ባይ ናቸው። ስጋታቸው እውነት አለው። ደካማ ድርሰት ከራቬል ጎን ድክመቱ ይጎላል። ከሃይድን ጎንም ግን አይደበቅም።

ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ

መደጋገም ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት የቆመ ሰው ይህን ያውቃል። አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ያለ መሣሪያ፣ በረጋ ድምፅ። ከዚያ ያው ዜማ በመቋሚያ ይዘመማል። ቀጥሎ ጸናጽልና ከበሮ ገብተው በመረግድ፣ በመጨረሻም በጭብጨባ እየፈጠነ በጽፋት ይደርሳል። ቃሉ ያው ነው፣ ዜማው ያው ነው። በቁም ጊዜ ያልያዘው ሰው መረግዱ ላይ አብሮ ያዜማል። አሰልቺ ነው ያለ ሰው አልገጠመኝም።

> አንድ ዜማ አራት ጊዜ በልዩ ልዩ መልክ የሚሰማ ጆሮ፣ አዲስ ኳርቴት ሁለት ጊዜ ቢሰማ አይከብደውም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ሃይድን ለዚያ ምሽት ይቅር። ራቬል ይክፈት፣ አዲሱ ሥራ ይከተል፣ እረፍት ይሁን። ከእረፍት መልስ ደራሲው ሦስት ደቂቃ ይናገር፤ ስለ ሕይወቱ ሳይሆን ስለ ድርሰቱ። ተጫዋቾቹ ሁለት ቦታ መርጠው ለየብቻ ያሰሙ፦ ይህ የቪዮላው ነው፣ ይህ ከሥሩ የሚሄደው ቼሎ ነው። ከዚያ ሥራው ሙሉውን ይደገም። ባርቶክ ይዝጋው። ለሁለተኛው ጊዜ ተጨማሪ ልምምድ አያስፈልግም፤ ተጫዋቾቹም ሁለተኛውን ጊዜ የተሻለ ይጫወቱታል፣ የመጀመሪያው ፍርሃት ወጥቶላቸዋል።

ይህን ለሥራ አስኪያጁ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡ። «አንዴ ሰምቶ የጠላውስ? ሁለቴ ልታስጠሉት ነው?»

ቢጠላም አውቆ ይጠላል። በመጀመሪያው ምሽት አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ «ጥሩ ነው፣ ግን አልገባኝም» ብሎ ከሚወጣው ሰው የሁለት ጊዜው ጠላት ይሻለኛል። ቢያንስ የትኛው ክፍል እንዳስጠላው ይነግረኛል።

ኖታው ማን ጋ ነው?

ከምሽቱ ማግስት ያለውን የሚያስብ ፕሮግራም አውጪ እምብዛም ነው። ሥራው ሌላ ቦታ እንዲሰማ ሌላ ሰው ኖታውን ማግኘት አለበት። ለምሳሌ የፒያኖ ተጫዋቿና ደራሲዋ መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የውጪው ዓለም በብዛት የሰማቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራዎቻቸው በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም ሲወጡ ነው። ያም ቢሆን የሚሰማው የራሳቸው የተቀረጸ ጣት ነበር፤ ሌላ ፒያኒስት ቁጭ ብሎ ሊጫወታቸው ቢፈልግ ጆሮው እንጂ ወረቀት አልነበረውም። በ2013 ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ማያ ዱኒየትዝ የተባለች ፒያኒስትና ባልደረቦቿ በገዳማቸው ያሉትን የእጅ ጽሑፎች አሰባስበው የኖታ መጽሐፍ አሳተሙላቸው፣ ኮንሰርትም ተዘጋጀ። እማሆይ በ2023 እስኪያርፉ ድረስ ሥራቸው በሌሎች እጅ ሲደገም ለመስማት በቁ።

አሜሪካ ያለው ክሮኖስ ኳርቴት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲመሠረት የመጀመሪያውን አዲስ ድርሰት ያገኘው ለደራሲው አንድ ከረጢት ዶናት ከፍሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ያስደረሳቸው ሥራዎች ከሺህ በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመሩት ዕቅድ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል፦ ከየአገሩ ደራሲዎች ሃምሳ ሥራ አስደርሰው ኖታውን በነጻ በኢንተርኔት ለቀቁት። ከደራሲዎቹ አንዱ የማሊው የባላፎን ተጫዋች ፎዴ ላሳና ዲያባቴ ነው። ዛሬ የትም ያለ የአራት ተማሪዎች ቡድን ያንን ሥራ አውርዶ ነገ ልምምድ መጀመር ይችላል።

እኛ ጋ ከኮንሰርት በኋላ ኖታው ተበትኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ቫዮሊን ወረቀት አንድ ቤት፣ የቼሎው ሌላ ቤት፤ ደራሲው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ደግሞ ከልምምዱ በፊት የነበረው ነው። ጋሼ ያነሡት የማፈኛ ጉዳይ የተስተካከለው በሁለት ወረቀት ላይ በእርሳስ ብቻ ነው። ሥራው ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ ቢወሰድ፣ እዚያ ያለው ቪዮላ ተጫዋች እንደ አዲስ ቀጭ ያደርገዋል።

ስለዚህ በጀት ሲሠራ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ከምሽቱ በኋላ የታረመውን ኖታ እንደገና ጽፎ አራቱን ድምፅ ለየብቻ ማተም፣ አንድ ሙሉ ቅጂ ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መስጠት። ወጪው መድረክ ላይ ለደራሲው ከሚሰጠው እቅፍ አበባ ብዙም አይበልጥም።